ድምፅ የማይገባበት ዕቃ ቤት

ይድረስ ለእትዬ፣ ለልጆቹ እናት፤

እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነልዎት? ሐኪሙ ደረጃ እንዳይወጡ እንደከለከለዎት ትልቋ ልጅዎ ስትነግረኝ አዘንኩ። ሰው ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ቤቱ ግማሽ ይሆንበታል። ፈጣሪ ጉልበትዎን ያጽናልዎት፤ ቅዝቃዜ አያግኝዎት። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩት ሌላ የሚጻፍ ቃል አጥቼ ስለሆነ እንደ ሰላምታ ብቻ ይቁጠሩልኝ።

አስቀድሜ ስለ ጽሑፌ ይቅርታ እለምናለሁ። ፊደል የለየሁት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም፤ ሳሙናና ስኳር ከሚጠቀለልበት የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው። ሐሳቤ እዚህም እዚያም የተጣፈ ቢመስልዎት እንደ ልብስ ሰፊ ሥራ አይተው ይለፉኝ።

እኔና እርስዎ በዕድሜያችን የተነጋገርነው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በትልቋ ሠርግ። ሰው ሁሉ «የፊተኛዋና የአሁኗ ሚስት ምን ይባባሉ ይሆን» ብሎ ዓይኑን ሲያፈጥብን፣ እርስዎ መጥተው የቀሚሴን ጠርዝ በጣትዎ ዳሰሱና «ማን ሰፋልሽ?» አሉኝ። እኔው ነኝ ስልዎ «እጅሽ ይባረክ» ብለውኝ አለፉ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ያንን ቃል ይዤ ነው። ከእሱ በቀር ወደ እርስዎ የሚያደርሰኝ መንገድ የለኝም።

የልጆችዎ አባት ከታመመ ሰንብቷል። ትልቋ ነግራዎት ይሆናል፤ እሷ ግን ስትመጣ የምታየው ፀጉሩ ተበጥሮ፣ ሸሚዙ ተተኩሶ ነው። መጀመሪያ የሚረሳው ቁልፍና መነጽር ነበር። ቀጥሎ የጎረቤቶቹን ስም ረሳ። ቀጥሎ ደግሞ ከዜና አንባቢነቱ ጡረታ መውጣቱን ረሳ። ጠዋት ክራቫቱን አስሮ «ዜናው ሳይጀምር ልድረስ» እያለ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው መሄድ ጀመረ። የድሮው ዘበኛ ስለሚያውቀው ከጎኑ አስቀምጦ፣ ሻይ ሰጥቶ ይደውልልኝ ነበር። አዲሱ ዘበኛ ግን የሚያውቀው መታወቂያ እንጂ ድምፅ አይደለም። ከበር ይመልሰዋል። እሱም ሌላ በር ያለ እየመሰለው ከተማውን ይዞራል።

አንድ ጊዜ ያገኘሁት አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ነው። የአውቶቡሶቹን ሰሌዳ እንደ ዜና አርዕስት በዚያ ድምፁ ያነባል፤ ሰው ከብቦት ይስቃል። እሱ አድማጭ አገኘሁ ብሎ ፊቱ በርቷል። ሌላ ጊዜ ቦይ ውስጥ ወድቆ ግንባሩ ተሰፍቶ መጣ። ያን ቀን ትልቋ ልጅዎ መጣች። አልጮኸችም። የአባቷን ግንባር ስትዳብስ ቆየችና ወደ እኔ ዞራ፣ አንቺን የሚወቅስ ውሸታም ነው፣ ግን ዳግመኛ ከዚህ ቤት ወጥቶ ከጠፋ መጦሪያ ነው የማስገባው አለችኝ። ክፉ አይደለችም። እኔም የእሷን ቦታ ብይዝ እንዲያው እል ነበር።

መጦሪያውን ሄጄ አየሁት። ንጹሕ ነው። አልጋዎቹ ተሰልፈዋል፤ ማንም የማያየው ቴሌቪዥን ከጠዋት ጀምሮ ይለፈልፋል። መስኮት ሥር አንድ ሽማግሌ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ጠጋ ብዬ ምን እንደሚል ለመስማት ሞከርኩ፤ ቴሌቪዥኑ ዋጠው። የልጆችዎን አባት በዚያ ወንበር ላይ አየሁትና ወጣሁ።

እኔ እንደሚያውቁት ለልብስ ስፌት ድርጅት ቁልፍ እየተከልኩ፣ ጠርዝ እየዘመዘምኩ ነው የምኖረው። የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ እንድወስድ ፈቅደውልኛል፤ ለትራስ መሙያ ብዬ በጆንያ በጆንያ ከጓሮ ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ አጭቄዋለሁ። አንድ ቀን ከቤት አጣሁት። በሩ ክፍት ነበር። ጎረቤት ልጠራ ስሮጥ ከዕቃ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ከጆንያዎቹ መሀል ተቀምጦ፣ ከገበያ ዕቃ ጠቅልዬ ያመጣሁበትን ጋዜጣ ዘርግቶ ያነባል። ድምፁ ግድግዳ ነክቶ አይመለስም፤ ጨርቁ ይውጠዋል። ልክ በሬዲዮ እንደምንሰማው ሆኖ ይወጣል። ሲያየኝ እጁን አነሳ፤ አየር ላይ ነን፣ አትግቢ ማለቱ ነው። ቆምኩ። እንደዚያ ረጋ ብሎ ካየሁት ብዙ ጊዜዬ ነበር።

ከዚያ ከግድግዳው ማዶ ያለው በያጅ ብረት መቁረጥ ጀመረ። የልጆችዎ አባት አቆመ። ግድግዳውን አየ፣ ጆንያዎቹን አየ፣ እኔን አየ። «ይሄ ስቱዲዮ አይደለም» አለና ኮቱን ይፈልግ ጀመር።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ይህ ሰው የሚጠፋው መንገድ ስለረሳ ብቻ አይደለም። የሚሄደው ጸጥ ያለች ክፍል ፍለጋ ነው። ቤቴ ውስጥ እንዲህ ያለች ክፍል ካለች የትም አይሄድም። የውጭ ድምፅ የሚገባባት አንዲት ቀዳዳ ካለች ግን በዚያችው ቀዳዳ እሱ ይወጣብኛል።

ስቱዲዮ እንዴት እንደሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም የማውቅ መሰለኝ። ዘፋኞች በሚነሡት ፎቶ ላይ ከኋላቸው የሚታየው የእንቁላል ካርቶን ነው። ከዳቦ ቤት፣ ከሱቅ፣ ከየጎረቤቱ ለመንኩ። የሰፈሩ ሰው ወሬ ይወዳል፤ «ሴትዮዋ ዶሮ ልታረባ ነው» ተባለ። ከወለል እስከ ኮርኒስ በኮላ ለጠፍኩት። ሲያልቅ ያምር ነበር። አስገብቼ አስቀመጥኩት። በያጁ ማሽኑን ሲያስነሳ፣ ብረቱን የሚቆርጠው እኛው ክፍል ውስጥ ያለ እስኪመስል ድረስ ጥርት ብሎ ገባ። ከበፊቱ ባሰ። የልጆችዎ አባት ተነስቶ ወጣ። እኔ የግቢውን በር ቆልፌ ቁልፉን ጡቴ ሥር ከትቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ቀን የለመንኩበት፣ የእንቁላል ካርቶን አስቀምጡልኝ ያልኩበት አፌ መረረኝ።

ጆሮን ያስታውሱታል? የጣቢያው የድምፅ ቴክኒሻን ነበር፤ በኮቴ ብቻ ማን እንደመጣ ስለሚለይ ነው ጆሮ የተባለው፤ እውነተኛ ስሙን ሚስቱም ሳትረሳው አትቀርም። አሁን በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሬዲዮ ይጠግናል። ሄጄ ነገርኩት። መጣና ዕቃ ቤቱ መሀል ቆሞ አንድ ጊዜ አጨበጨበ፣ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ እስኪያስለው ሳቀ።

«እናቴ፣ በዚህ የሚያዘው እንቁላል ነው» አለኝ።

መቀየሜን ሲያይ አዘነ መሰለኝ፣ ተቀምጦ አስረዳኝ። ለስላሳ ነገር የሚበላው የክፍሉን የራሱን ድምፅ ነው፤ ከውጭ ለሚመጣው በር አይዘጋም። አንቺ የራስሽን ቤት ዝም አሰኝተሽ ጎረቤትሽ ደህና አድርጎ እንዲሰማሽ አድርገሻል አለኝ። ድምፅ የሚፈራው ከባድ ነገርንና የተደፈነ ቀዳዳን ነው። ቀትር ላይ ግቢና በሩን ዝጊ፤ ብርሃን ያየሽበት ሁሉ ድምፅ ይገባበታል ብሎኝ ሄደ።

ገባሁ። ጨለማ ነው ስለው የኖርኩት ዕቃ ቤት ለካ ወንፊት ኖሯል። ከበሩ ሥር፣ ከማጠፊያው ጎን፣ ግድግዳው ከጣሪያው ጋር ከሚገናኝበት፣ ሚስማር ከተነቀለበት ሁሉ ብርሃን ይገባል። ሥራዬ ያኔ ተጀመረ። ገንዘብ ስላልነበረኝ ከኮላና ከሚስማር በቀር የገዛሁት ነገር የለም፤ ሰው የጣለውን ሰበሰብኩ። ከአናጢው የለመንኩትን ሰጋቱራ በኮላ አቡክቼ በጣቴ እያንዳንዱን ቀዳዳ ደፈንኩ። መስኮቱን በሁለት ጣውላ መሀል አሸዋ ሞልቼ ዘጋሁት። የእንቁላሉን ካርቶን ገንጥዬ፣ በጣውላ ማዕቀፍ ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቄን ጠቅጥቄ ሰፍቼ ሰቀልኩ፤ እሱ እንኳን የገዛ እጄ ሙያ ስለሆነ አልከበደኝም።

በያጁ ነገሩን ሲሰማ ይቆጣል ብዬ ስፈራ «እኔን ለማፈን ይሄ ሁሉ? ብትነግሪኝ ዝም እል ነበር እኮ» አለኝ። ዝም ማለት እንደማይችል ሁለታችንም እናውቃለን፤ እንጀራው ነው። ግን ሥራውን አቁሞ መጣና በሩን በላሜራ ለበጠው፣ ዙሪያውንም አሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ አለበሰው። ከዚያ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ በር ገጠመልኝ። የሚያፍነውን በር ራሱ የሠራ ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

የቀረው ዝናቡ ነበር። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ጆሮን ራሱን አሸነፈው። ከታች ምንም ብታደርጊ አይሆንም፣ ጣሪያው ራሱ ከበሮ ነው፤ ከበሮውን ካላለበስሽው አለኝ። ስለዚህ በዚህ ዕድሜዬ መሰላል ወጣሁ። አሮጌ ምንጣፍ፣ ጆንያ፣ የተጣለ ፍራሽ ቆርቆሮው ላይ አንጥፌ በሽቦ አሰርኩ። በያጁ ከታች ሆኖ ለመንገደኛው ሁሉ «ሴትዮዋ ሰው አልብሳ ጨርሳ ጣሪያ ማልበስ ጀመረች» ይላል። እኔም ሳቅኩ። የሳቅኩት የመጨረሻ ሳቅ እሱ ነው መሰለኝ።

ጆሮ አንድ አሮጌ ማይክሮፎንና መቅጃ አዋሰኝ። ግድግዳውን ቀደን በዕቃ ቤቱና በቤቱ መሀል ወዳለችው ኮሪደር የምታሳይ ትንሽ መስታወት ድርብ አድርገን ገጠምን። ከበሩ በላይ አምፖል ሰቅዬ በጥፍር ቀለም ቀይ ቀባሁት። የልጆችዎ አባት ገብቶ ተቀመጠ፤ ማይክሮፎኑን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ማዳመጫ አጥልቄ ተቀምጫለሁ። ቀዩን መብራት አበራሁና ጆሮ እንዳስተማረኝ ጣቴን ወደ እሱ ጠቆምኩ። ጀመረ። እትዬ፣ ያንን ድምፅ ያውቁታል። በያጁ ብረት እየቆረጠ ነበር፤ እኔ ኮሪደር ላይ ጥርሴ እስኪነዝረኝ እሰማዋለሁ፤ እሱ ጋ አንዲት ነገር አልደረሰችም።

አንብቦ ሲጨርስ ወጥቶ እጄን ጨበጠኝ። «እርስዎ አዲስ ነዎት? ካለፈው ቴክኒሻን ይሻላሉ» አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጥፋት አልሞከረም። በእሱ ዘንድ ግን እኔ ሁለት ሴት ሆንኩ። ማዳመጫውን ሳጠልቅ ቴክኒሻኗ ነኝ፤ ያከብረኛል፣ አንቱ ይለኛል፣ ያምነኛል። ማዳመጫውን አውልቄ ወጥ ቤት ስገባ ማን እንደሆንኩ አያውቅም። ይህንን የነገረኝ ራሱ ነው። አንድ ቀን ዜናውን ጨርሶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቤቴ ውስጥ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ አለች አለኝ። ዕቃዬን ታነሳለች፣ ሸሚዜን ትተኩሳለች፣ አትናገርም፤ ሌባ አትመስለኝም፣ ግን ምን እንደምትፈልግ አልገባኝም አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእኔ የገዛ ጆሮ ግን ስለ እኔ የሚባለውን ሁሉ አሰማኝ። ላባርራት ወይ ብሎ ምክር ሲጠይቀኝ ምግቧስ እንዴት ነው አልኩት።

«ጨው ታበዛለች» አለኝ።

እንግዲያው ትቆይ፣ ጨው ብቻ ትቀንስ አልኩት። ተስማማ። ከዚያ ወዲህ ለቴክኒሻኗ ስል ጨው ቀንሻለሁ።

ይስቁብኝ እንጂ እውነቱን ልንገርዎት፤ በቴክኒሻኗ ቀናሁ። ለእሷ የልጅነቱን ይነግራታል። መጀመሪያ ማይክሮፎን ፊት የቀረበ ቀን ወረቀቱ በእጁ ላይ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ ነግሯታል። እኔ አብሬው በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ይህን አንድ ቀን አልነገረኝም። ትልቋ እንዳለችኝ እርስዎም «ይህ ሰው ድምፁን ጣቢያው በር ላይ አስቀምጦ ኮቱን ብቻ ነው ይዞ የሚመጣው» ይሉት ነበር። እኔም ያገኘሁት ኮቱን ነበር። ዝምተኛ ስለሆንኩ አልጠየቅኩትም፤ ስላልጠየቅኩት አልነገረኝም። አሁን ሲናገር የሚናገረው ለሌላ ሴት ሆነ፤ ያቺም ሴት እኔው ነኝ፤ ይህንን ለማን አቤት ይሏል? አልጋውን እንኳ ወደ ዕቃ ቤቱ አስገባሁለት፤ ተረኛ ስለሆኑ እዚህ ይደሩ ብዬው። እዚያ ካልሆነ አይተኛም፤ እኔም እዚያ ካልሆነ የሚያውቀኝ የለም።

በጣቢያው ሳለ ከዜና በኋላ የአድማጮችን ደብዳቤ ያነብ እንደነበር አይረሱትም። ስቱዲዮው ከተሠራ ጥቂት ቆይቶ ደብዳቤዎቹስ አለኝ። ዛሬ አልመጡም አልኩት። በማግስቱም አልመጡም አልኩት። ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጦ ግድግዳውን ሲያይ ቆየና «ይህ ክፍል በጣም ዝም ይላል። የሚሰማን ሰው የለም ማለት ነው?» አለኝ። እኔ ስደፍን የከረምኩት የውጭ ድምፅ እንዳይገባበት ነው። ዓለም ሁሉ አብሮ እንደሚቀርበት አላሰብኩም ነበር።

ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩለት። በልብስ ንድፍ ወረቀት ጀርባ፣ አንዱን በቀኝ እጄ፣ አንዱን በግራ እጄ። ከአንድ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ከአንዲት ተረኛ ነርስ፣ በዛፍ ጥላ ከጎረቤቱ ጋር ከተጣላ ሰው። አቤት ደስታው። ለዛፉ ባለቤት «ብትቆርጠው ሁለታችሁም ፀሐይ ታገኛላችሁ፤ የምትነጋገሩበት ነገር ግን አይኖራችሁም» ብሎ መለሰለት። እኔ ከመስታወቱ ማዶ ሆኜ ዛፉ ያለ መስሎኝ አሰብኩለት።

አንድ ቀን ድፍረት መጣብኝና የራሴን ጻፍኩ። ባለቤቴ አብሮኝ እየኖረ አያውቀኝም፣ ምን ላድርግ ብዬ። አንብቦ ጨረሰ። ወረቀቱን አገላብጦ አየው። አለቀልኝ፣ አወቀኝ ወይም ሁሉም ፈረሰ አልኩ። ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለ።

«አድማጫችን፣ ፊትሽን ቢረሳ እንኳ ድምፅሽን አይረሳም። ዝም አትበዪ። አናግሪው።»

እትዬ፣ አመንኩት። ሰው ሁሉ የሚያምነው ድምፅ ነው፤ እኔም አመንኩ። ማዳመጫዬን አውልቄ እጄን ታጠብኩና ወጥ ቤት ሾርባ ሲጠጣ ከፊቱ ተቀመጥኩ። ስሜን ነገርኩት። እንዴት እንደተገናኘን፣ ግንባሩ የተሰፋ ዕለት እጄን ይዞ እንደነበር፣ ሁሉን ነገርኩት። በአንድ ቀን ያን ያህል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ማንኪያውን በቀስታ አስቀመጠና፣ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ በትሕትና ጎንበስ ብሎልኝ ወጣ። በማግስቱ ለቴክኒሻኗ «ያቺ ሴትዮ መናገር ጀመረች። ፈራኋት» አላት።

እሱ ፀሐይ ሊሞቅ ደጅ በተቀመጠበት ዕቃ ቤቱ ገብቼ ሁለቱንም በር ዘጋሁና ጮህኩ። የጮህኩት የራሴን ስም ነው፤ እሱ በደህናው ጊዜ በሚጠራኝ አጠራር። ስወጣ በያጁ በሩ ላይ ብረት ተደግፎ ሻይ ይጠጣል፤ ደህና ዋልሽ አለኝ። ምንም አልተሰማም። ሥራዬ እንከን የለውም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ከዚያ በኋላ የልጆችዎ አባት አንዲት ነገር ላይ ሙጭጭ አለ። ሁሉም አድማጭ ሲጽፍልኝ ባለቤቴ ለምን አትጽፍም ይላል። ባለቤቴ የሚለው እርስዎን ነው። ጥርት አድርጎ ነው የሚያስታውስዎት፤ ጸጉርዎን፣ ሲቆጡ መሐረብዎን የሚያጣጥፉትን። እርስዎ ትተውት መሄድዎን አያውቅም፤ ሬዲዮውን ዘግተው የተቀየሙት ይመስለዋል። ጆሮ ያው እንደ ልማድሽ ጻፊለት አለኝ። ሞከርኩ። ይቅር ብዬሃለሁ፣ ጤናህን ጠብቅ የሚል ጻፍኩ። ግማሹን አንብቦ መለሰልኝና «ይህ የእሷ አይደለም፤ ባለቤቴ እንዲህ ለስላሳ አይደለችም፤ ሳትቆጣ አትጀምርም» አለኝ። እርስዎን የመሆን ሥራ እኔ አልቻልኩበትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አያነብም። ቀዩ መብራት ይበራል፣ ጣቴን እጠቁማለሁ፣ እሱ አፉን ዘግቶ መስታወቱን ያያል። ዝም የሚል ሬዲዮ ደግሞ ሰውን አያስቀምጥም። ባለፈው ሳምንት ጨርቅ ልረከብ በሄድኩበት በሩን ከፍቶ ወጣ። በያጁ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ደርሶበት፣ ጣቢያው ዛሬ ዝግ ነው ብሎ አባብሎ መለሰው። ለትልቋ አልነገርኳትም። በያጁም አይነግራትም። ግን እንዲህ ያለው ነገር እስከ መቼ ይደበቃል? ከአሁን በኋላ አንድ ጊዜ ቢወጣ፣ በዚያ መስኮት ሥር ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው።

ስለዚህ እትዬ፣ በገዛ እጅዎ አንድ ደብዳቤ ይጻፉለት። ይምጡልን አላልኩም፤ ጉልበትዎንም ልብዎንም አውቃለሁ። ይቅር ካላሉት ይቅር ብዬሃለሁ አይበሉት፤ ውሸቱን ይለየዋል። እንደልብዎ ይቆጡት። ቁጣዎ ነው የናፈቀው። ብቻ «እየሰማሁህ ነው» የምትል አንዲት ቃል ይጨምሩበት። እየተሰማሁ ነው ብሎ ካመነ ያነባል፤ ካነበበ አይሄድም። መቼ ወደ አንቺ ልምጣ ብሎ መልስ ቢልክልዎ፣ ፕሮግራምህን ጨርስ፣ እጠብቅሃለሁ ይበሉት። መጠበቁን እሱ ያውቅበታል።

አንዲት ነገር ደግሞ ለራሴ ልለምንዎት። ይህንን መጻፍ ከሁሉ ከበደኝ። ቤቱ ውስጥ ያለችውን ሴትዮ እኔ ነኝ የላክኋት፣ እስክንገናኝ ድረስ እንድትይዝህ ነው፣ አትፍራት ይበሉት። የእርስዎን ቃል ያምናል። ከእንግዲህ እንዲያውቀኝ አልፈልግም፤ ሾርባውን ሳስቀምጥለት እጄን አይቶ ባይደነግጥ ይበቃኛል።

ደብዳቤውን ትልቋ እንዳታየው አደራ። በጆሮ ሱቅ በኩል ይላኩልኝ፤ ታማኝ ነው። ፈጣሪ ጉልበትዎን ይጠግንልዎት፤ የልጅ ልጆችዎን ሩጫ ቁጭ ብለው ሳይሆን ተከትለው ይዩ። ቤትዎ ሰው አይጣ። እንዲህ ያለ ዝምታ ወደ ደጅዎ አይምጣ።

እርስዎ የላኳት ሴት